ያዋጣነው ብር የት ይደርሳል? ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ሒሳብ ጥያቄና መልስ

ጦሳ (መላሽ)፦ ሰላም የወሎ ልጆች። ደሴ ነኝ፣ የእርዳታ ድርጅት ሒሳብ ስመረምር ነው ያረጀሁት። ጠይቁኝ። የድርጅት ስም ግን አልጠራም።

የሐይቅ ልጅ፦ ጋሼ፣ ሕጉ ለአስተዳደር ወጪ ስንት ይፈቅዳል?

ጦሳ፦ የ2001ዱ አዋጅ እስከ 30 በመቶ ይል ነበር። የ2011ዱ፣ ቁጥር 1113፣ ወደ 20 አወረደው። ግን ትርጉሙም አብሮ ተቀይሯል። ድሮ ብዙ የሥልጠናና የክትትል ወጪ አስተዳደር ውስጥ ይወድቅ ነበር፤ አሁን የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደሞዝና የመሳሰለው ነው። የድሮውን ከዘንድሮው አታወዳድሩ። ደግሞ ፐርሰንት ብቻ አትዩ!

ቦርከና፦ ጥሩ ድርጅት የቱ ነው?

ጦሳ፦ ምን የሚሠራ? አስተካክለህ ጠይቅ።

የወልዲያዋ፦ ፐርሰንት ካልሆነ ታዲያ ምን እንይ?

ጦሳ፦ እሰይ እህቴ! አንድ ቀበሌ ወረድኩ። ወረቀቱ ላይ የውሃ ጉድጓዱ «ተጠናቋል» ይላል። ሄጄ ሳየው የፓምፑ እጀታ ዝጓል፣ ፍየል ታስሮበታል፣ ሴቶቹ ጄሪካን አዝለው ወንዝ ይወርዳሉ። የተበላሸችው አንዲት ጎማ ናት። ድርጅቱ ግን በአስተዳደር ወጪው ማነስ ይኮራል። ጎማ የሚቀይር ሰው መቅጠር ወጪ ያበዛላ! ስለዚህ ከሁለት ዓመት በኋላም ውሃ ለሚሰጥ ጉድጓድ ስንት ወጣ ብለሽ ጠይቂ። ስንዴም እንደዚያው። ከኮምቦልቻ ተጭኖ ሰቆጣ የሚደርስ ኩንታል ደሴ ዙሪያ ከሚታደለው ጋር ዋጋው እኩል አይሆንም። ተወደደ ብላችሁ ሌባ አትበሉ።

የቃሉ ልጅ፦ ምን አደከማችሁ፣ ቅሬያችን፣ ማለት እድራችን፣ ይበልጣል። ቢሮ የለው፣ መኪና የለው፣ ያዋጣነው ሳይሸራረፍ ለቅሶ ቤት ይገባል።

ቦርከና፦ የእኛ ሰፈር ቅሬ ድንኳኑን ለሠርግ ያከራያል። ብሩን ማን ቆጥሮት ያውቃል?

የቃሉ ልጅ፦ የናንተን ከኛ አታምታታ!

የወልዲያዋ፦ ኧረ ተዉ፣ ጋሼ ይመልሱልን።

ጦሳ፦ ቅሬ የሚሠራው ሁሉም ስለሚተያይ ነው። ወጪ የለውም ግን አትበሉ፤ ድንኳን የሚተክለው ጎረምሳ ደሞዝ ስላልጠየቀ ነው ያልታየው።

የሐይቅ ልጅ፦ ኦዲቱ ንጹህ ከሆነስ አይበቃም?

ጦሳ፦ አይበቃም። ኦዲተር ደረሰኝና መዝገብ መግጠሙን ያያል። ፍየሏን አያይም።

ቦርከና፦ እሺ በአጭሩ፣ ስንት ፐርሰንት ሲሆን ነው ጥሩ?

ጦሳ፦ ወይ ጣጣ! ከላይ አንብብ አልኩህ። በሉ በረካው ሳያልፈኝ ልሂድ።