«እናቴ ስታርፍ እፎይ ማለቴ ያሳፍረኛል»

ጥያቄ፦ እናቴ የመርሳት ሕመም ይዟት አራት ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ ከቆየች በኋላ ከሁለት ወር በፊት አረፈች። እሑድ እሑድ እየሄድኩ ጸጉሯን አበጥርላት ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ግን ልጇ መሆኔንም አታውቅም ነበር። ያረፈችበት ሌሊት ተረኛዋ ነርስ «ሂጂና ትንሽ ጋደም በይ» ብላኝ ቤቴ በገባሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ስልክ ተደወለ። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። አሁን እሑድ በመጣ ቁጥር ለባብሼ መሄጃ አጥቼ እቀመጣለሁ። ሰዉ «ዕድሜዋን ጠግባ ነው» ይለኛል። ልቤ ደንድኖ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መጽናናትን ከልብ እመኝልዎታለሁ። ልብዎ አልደነደነም። የመርሳት ሕመም በገባበት ቤት ሐዘን የሚጀምረው እናት የልጇን ስም መሳት ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ ነው፤ ሰው አጠገባችን ተቀምጦ ሳለ የሚታጣበትን ይህን ሁኔታ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ ለብዙ ዓመታት አጥንተው፣ ቁርጡ ያልታወቀ እጦት በመሆኑ እጅግ አድካሚ እንደሆነ አስረድተዋል። እርስዎም ለዓመታት ያዘኑት ማንም ሊያጽናናዎት ሳይመጣ ነው። እፎይ ያሉትም በስቃያቸው ማብቃትና ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጥ የነበረው ልብዎ በማረፉ እንጂ በሞታቸው ተደስተው አይደለም።

ቤተሰብ ለጥቂት ጊዜ ዘወር ባለበት ቅጽበት ብዙ ሕሙማን እንደሚያርፉ በዚህ ሥራ የቆዩ ነርሶች ደጋግመው ይናገራሉ። ስለዚህ ስለዚያ ሁለት ሰዓት ራስዎን አይክሰሱ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ደጋግሜ የቆምኩት ግን እሑድ ላይ ነው። ከእናትዎ ጋር አንድ ቤት ሙሉ ሰው አጥተዋል፦ በር ላይ የሚቀበልዎትን ጥበቃ፣ ምግብ የሚያጎርሷቸውን ተንከባካቢዎች፣ ከጎናቸው ያለውን አልጋ የያዙትን እናት። አልጋው በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ስማቸው በክር የተጻፈበት ሹራብ ሳይቀር ዕቃቸው በከረጢት ታስሮ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚደውል የለም። በእኔ እምነት ከወር በኋላ ደውሎ «እንዴት ሰነበቱ?» ማለት የማንኛውም መጦሪያ ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ ወጪው የአንድ ስልክ ጥሪ ነውና።

እነርሱ ካልደወሉ እርስዎ ይደውሉ። በዚያ ሌሊት ተረኛ የነበረችውን ነርስ ለማነጋገር ቀጠሮ ይጠይቁ፤ ትንፋሻቸው እንዴት እንደነበር፣ አጠገባቸው ማን እንደነበረ፣ እጃቸውን የያዘ ሰው እንደነበረ ይጠይቋት። መልሱ ሊከብድ ይችላል፤ ሆኖም ሌሊት ሌሊት በሐሳብዎ ከሚሥሉት ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይቀልላል። ለዓመታት ያጠቧቸውና የመገቧቸው ተንከባካቢዎችም አዝነዋል፤ ስለ እናትዎ የሚያወሩት ሰው ማግኘት ለእነርሱም እረፍት ነው።

ሐዘን ሕክምና የሚሻ ሕመም ሆኗል የሚባለው ሳይበርድ ቆይቶ የዕለት ኑሮን ሲያናጋ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ቢያንስ 6 ወር፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ቢያንስ 12 ወር ይላሉ። እርስዎ ገና በሁለተኛው ወር ላይ ነዎት። ነገር ግን መኖር ካስጠላዎት ወሩን ሳይቆጥሩ ዛሬውኑ ሐኪም ያማክሩ።

እሑድን በሌላ ሥራ ለመሙላት አይቸኩሉ። ለባብሰው በሚቀመጡበት በዚያ ሰዓት ከወንድም ወይም ከእህት ጋር፣ እነርሱ ከሌሉም እናትዎን ከሚያውቅ ወዳጅ ጋር ተቀምጠው ስለ እርሳቸው ያውሩ፤ እፎይታውንም ጭምር ይንገሩት።