የተሠራ ጡት ላይ ጨረር፦ መቅላት ሁሉ የጨረር አይደለም

እህቴ፣ «በካንሰር የተወሰደውን ጡቴን በሲሊከን ከሠሩልኝ በኋላ ጨረር ታዘዘልኝ፣ ምን ያደርገኛል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም በዚያው መንገድ አልፌአለሁና የደረሰብኝን ልንገርሽ። ስለ ድካሙ ሌሎች ይነግሩሻል።

1. ቆዳሽ ይቀላል፣ ይጠቁራል፣ ይላጣል። ብብት አካባቢና ከጡት ሥር ያለው እጥፋት ይብስበታል። ጨረሩ ካለቀ በኋላም አንድ ሁለት ሳምንት ሊብስ ይችላልና አትደንግጪ። ሽታ የሌለው ቅባት ተጠቀሚ፤ ለስላሳ የጥጥ ልብስና ሽቦ የሌለው ጡት መያዣ ልበሺ። ትኩስ ነገር ግን በፍጹም አትያዢበት። የተሠራ ጡት ስሜቱ ስለሚደነዝዝ ሲያቃጥልሽ ላይታወቅሽ ይችላል። ይሄን የሚነግርሽ ሰው የለም!

2. ጡቱ ሊደድር ይችላል። ሰውነታችን ሲሊከኑን በስስ ሽፋን ይከበዋል። ጨረር ያንን ሽፋን ሊያወፍረውና ሊያጠብቀው ይችላል። ጡቱ ወደ ላይ ይሳባል፣ ቅርጹ ይለወጣል፣ ሲብስ ያማል። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይመጣልና «አለፈልኝ» ብለሽ ክትትሉን አታቋርጪ። ያለሽ ገና ከሲሊከኑ በፊት ቆዳውን ለመለጠጥ የሚገባው፣ በውሃ የሚሞላው ማስፊያ ከሆነ ደግሞ፣ ለጨረሩ በሲቲ ስካን ከተለካሽ በኋላ የቀዶ ሕክምናና የጨረር ሐኪሞችሽ ሳይነጋገሩ ማንም ውሃ እንዳይጨምርበት ወይም እንዳይቀንስበት። የጨረሩ ዕቅድ የሚወጣው በዚያን ቀን ቅርጽሽ ነው።

3. ኢንፌክሽን። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢ።

ጨረሩ አልቆ ቆዳዬ ማገገም ጀምሮ ነበር። በድንገት ጡቴ እንደገና ቀላ። ሲነኩት ይፋጃል። ማታ ብርድ ብርድ አለኝ። ጨረር ክፍል ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «የጨረር ነው፣ ሁሉም ይቀላል፣ ቀጠሮሽ ገና ነው» አለችኝ። ሐኪም እንድታገናኘኝ ለመንኳት፤ «ተናገርኩ እኮ!» ብላ ቀጣዩን ጠራች። ቀዶ ሕክምና ክፍል ስሄድ ደግሞ «ጨረር የሰጡሽ ይዩሽ» አሉኝ። አንድ ሕንፃ ውስጥ ሆነው እንደ ኳስ ተቀባበሉኝ። ትኩሳቱ ሲጥለኝ ቤተሰቦቼ ድንገተኛ ክፍል አስገቡኝ። ውስጡ መግል ይዞ ነበር። ሲሊከኑ ወጣ። ያን ያህል መከራ ያየሁበት ጡት በአንድ ሌሊት ሄደ። ዛሬም ያንን መስኮት ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ለይተሽ እወቂው። የጨረር መቅላት አብዛኛውን ጊዜ ጨረሩ ባረፈበት ቦታ ልክ ነው፤ ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ኢንፌክሽን ግን ቶሎ ይሰፋል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ፈሳሽም ሊኖረው ይችላል። ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ትኩሳት ባይኖርሽም መቅላቱ እየሰፋ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይይሽ። ገና ከበር «ሲሊከን አለኝ፣ ጨረር ወስጃለሁ» በያቸው። ጡቱንም በየቀኑ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሺው፤ «ትናንት እንዲህ ነበር» ብለሽ ስታሳያቸው አፋቸው ይያዛል። ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ «ችግር ቢመጣ በሌሊት ለማን ልደውል?» ብለሽ ስልኩን አጽፊ። ካልሰጡሽ ከዚያ አትነሺ።

4. ክንድሽን ሐኪምሽ በሚፈቅደው ልክ በየቀኑ አንቀሳቅሺ፤ ትከሻ አንዴ ከተያዘ መፍታቱ ፈተና ነው። ጡትሽ የግራው ከሆነ ጨረሩ ከልብ እንዲርቅ ትንፋሽ ስቦ ይዞ የሚሰጥበት ዘዴ አለና ጠይቂያቸው። ከወራት በኋላም ቢሆን ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ጉንፋን ነው ብለሽ አትተዪው፣ ሳንባሽ ይታይ።

እኔ ቆዳዬ እስኪያገግም ጠብቄ ከሆዴ በተወሰደ የራሴ ሥጋ ጡቴን እንደገና አሠራሁ። «በቃሽ፣ ተዪው» ያሉኝ ብዙ ነበሩ። አልተውኩም፤ ዛሬ ኮራ ብዬ እለብሳለሁ። አንቺም ይሄን አንብበሽ ከጨረሩ እንዳትቀሪ። የታዘዘልሽ ካንሰሩ እንዳይመለስ ነው። መቼ ነው የምትጀምሪው? ቀኑን ንገሪኝ፣ ለሐኪምሽ የምታቀርቢያቸውን ጥያቄዎች አብረን እንጽፋለን።