«አይሶሌት አደረጉኝ» ያለችው ተማሪ

ልጆቼ፣ ከእናንተ መካከል ለቻይናውያን እንግሊዝኛ የምታስተምሩ አላችሁ። እኔም በዚሁ ሥራ ነው ያረጀሁት። ዛሬ አንድ ጥፋቴን ላውራችሁ።

አንዲት ተማሪዬ ድርሰቷ ላይ «የክፍሌ ልጆች አይሶሌት አደረጉኝ» ብላ ጻፈች። እኔ ሆዬ «ምነው፣ ኮሮና ያዘሽ እንዴ?» ብዬ ቀልድ ቢጤ ጣል አደረግኩ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቻይንኛ «ጉሊ» የሚል ቃል አለው። ብቻውን የቀረን ሰው ይገልጻል፤ ሰውን ሆን ብሎ ብቻውን ማስቀረትም ያው «ጉሊ» ነው። መዝገበ ቃላቱ «አይሶሌት» አላት፣ እሷም አመነችው። እንግሊዛዊ ጆሮ ግን እዚህ ቦታ ላይ የሚሰማው ሐኪምና የተዘጋ ክፍል ነው። ጨዋታ ላይ ያልተጠራ የለንደን ልጅ «ሌፍት ሚ አውት» ነው የሚለው፣ ሳይጨምሩኝ ተዉኝ እንደማለት። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ቻይናውያን «ፓይጂ» ይላሉ፣ ገፍቶ ማስወጣት እንደማለት። «ጂ» አውቶቡስ ላይ መጋፋትም ነው። ለዚህ «ፑሽ አውት» ይስማማዋል።

ስለዚህ ከመተርጎማችሁ በፊት ጠይቁ። ማን አገለለ? በዝምታ ነው ወይስ ተማክረው?

ተማክረው ከሆነ «ቦይኮት» አለላችሁ። እኔ ይህን ቃል ማስተማር እወዳለሁ፣ ታሪክ አለዋ! እ.ኤ.አ. በ1880 በአየርላንድ፣ ማዮ ውስጥ፣ ካፒቴን ቦይኮት የሚባል የባለርስት ወኪል ነበር። ጭሰኞቹ ኪራይ ይቀነስልን ሲሉ ሊያፈናቅላቸው ተነሳ። እነሱም አደሙበት። አጫጁ አላጭድም አለ፣ ባለሱቁ አልሸጥም አለ፣ ደብዳቤ የሚያደርስለት እንኳ ጠፋ። የእኛ ሰው «እሳት አይጫርለት፣ ውሃ አይቀዳለት» የሚለው ዓይነት ነው። የሰውዬው ስም በዚያው ግሥ ሆኖ ቀረ።

ሆንግ ኮንግና ታይዋን ድምፁን ወስደዋል፤ ታይዋን «ቤይገ» ትላለች። ፊደሎቹን ለየብቻ ብታነቡ ኩባያና ሐረግ ናቸው፤ ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ዋናው ቻይና ግን «ዲጅ» ነው የሚለው፣ መመከት እንደማለት። ከዚያ የመጣ ተማሪ ቦይኮት ሲባል ዕቃ አለመግዛት ብቻ ሊመስለው ይችላል። በሰው ላይ እንደተጀመረ ንገሩት።

ያቺን ልጅ በሳምንቱ ለብቻዋ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ምንም አላለችም። በማግስቱ ድርሰቷን መልሳ አመጣች። «አይሶሌት»ን ሰርዛ «ሌፍት ሚ አውት» ብላዋለች። ከሥሩ ግን ያልጠየቅኳት ሦስት ገጽ ነበረ።