መልመጃ፣ ልምምድ፣ ስፖርት፦ ለኮምቦልቻዋ እናት

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። «ጋሼ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት የሚያመጣው መልመጃ ይባላል። ሐኪሜ ለስኳርሽ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ አድርጊ አለኝ። ጎረቤቴ ስፖርት ሥሪ ትለኛለች። ሬዲዮው ደግሞ ወታደራዊ ልምምድ ይላል። ፈረንጅ ሁሉንም ኤክሰርሳይዝ ብሎ ይገላገላል አሉ። የኛ ለምን በዛ?»

አልበዛም፣ እህቴ። መልመጃም ልምምድም «ለመደ» ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው። መልመጃ እንደ መክፈቻ፣ እንደ መውረጃ ነው፤ የምንለምድበት ነገር። «ወረደ» ብለን «መውረጃ» እንደምንለው ሁሉ፣ እዚህም «ደ» ወደ «ጀ» ተለወጠች። ልምምድ ግን ድርጊቱ ነው፤ «መ» የተደገመችው እንደ ንግግርና እንደ ውድድር ነው። ስለዚህ ልጅሽ መልመጃውን ይሠራል፣ ወታደሩ ልምምድ ያደርጋል። «ለመደ» ብቻውን ሲቆም ግን ለክፉም ለደጉም ነው። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የሚል ሰው ጦጣዋን ስለ ትጋቷ እያመሰገናት አይደለም።

እዚህ ማቆም ነበረብኝ፤ አልችልም። በዕብራይስጥ «ላማድ» ተማረ ማለት ነው፣ ታልሙድ የሚባለው የአይሁድ የሕግና የትምህርት መጽሐፍ ስምም ከዚያው ሥር ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን «ማልማድ» ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ሰሜጋር 600 ፍልስጥኤማውያንን የገደለበት የበሬ መውጊያ በዕብራይስጡ ስሙ ይኸው ነው፣ በቅርጹ ከኛ መልመጃ ጋር ወንድማማች! ኤክሰርሳይዝ የተገኘበት የላቲን ግስም በሬን ጠምዶ ለማሠራት ይነገር ነበር፤ ሠራዊት የሚለው የላቲን ስምም ከዚሁ ግስ ወጥቷል። የሬዲዮው ወታደርና ወይፈኑ አንድ ቀንበር ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሆዴ ቁስል። ፈረንጅ መብትንም ሥልጣንንም «ኤክሰርሳይዝ» ያደርጋል፤ ኤክሰርሳይዝ ማለት ደግሞ ልምምድ ነው፣ አለቀ፣ የሚሉ አሉ። በነሱ የተነሳ ደሴ ፒያሳ ሻይ እየጠጣሁ «መብቴን ልለማመድበት» ሲባል ሰማሁ። መብት ብስክሌት ነው እንዴ? ሰው በመብቱ ይጠቀማል፣ ሹም በሥልጣኑ ይሠራል። «ዴሞክራሲን መለማመድ ትክክል ነው» ብለው ይከራከሩኛል። እሺ፣ ገና ጀማሪዎች ነን ለማለት ከሆነ ልክ ነው።

የሐኪምሽ «እንቅስቃሴ» አይጥመኝም። በ1960ዎቹ «እገሌ እንቅስቃሴ ውስጥ ነው» ሲባል ማንም ሜዳ ላይ ይሮጣል ብሎ አያስብም ነበር። ጂምናስቲክ እንዳልልሽ ሥሩ በግሪክ ራቁት ማለት ነው፤ በደሴ ብርድ ማን ይሞክረዋል?

«ስፖርት መሥራት»ንም አልወደውም። ስፖርት በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ መዝናናት፣ ጨዋታ ማለት ነበር። ጨዋታ ደግሞ ይጫወቱታል እንጂ አይሠሩትም። እኔ ብጠየቅ ሰውነት ማፍታታት እላለሁ፤ ሩጫው ቀለል ካለ ደግሞ ዱብ ዱብ ማለት። ዱብ ዱብን የመሰለ ቃል እያለ ብድር ምን አስፈለገ?

ግን ማን ይስማኛል። ማለዳ ሆጤ ሜዳ ሄጄ ያገኘሁትን ሁሉ ምን እያደረጋችሁ ነው ብል ሽማግሌውም ልጁም «ስፖርት እየሠራን» ነው የሚሉኝ፣ አንድም ሰው ሰውነቴን እያፍታታሁ ነው አይለኝም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ የሐረጎን ዳገት በእግሩ የወጣ ሰው «ሠራሁ» ቢል ልከራከረው አልችልም። ስለዚህ ጎረቤትሽ አልተሳሳተችም፣ ቅር እያለኝ።

ትናንት ጠዋት እኔንም ባለሱቁ ላብ በላብ ሆኜ አይቶኝ «ጋሼ፣ ከየት ነው?» አለኝ። «ስፖርት ሠርቼ» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የነቃሁት።