የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ መምህር ሞልቷል፣ የሒሳብ መምህር ግን የለም

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ከድሬዳዋ የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወላጆችና መምህራን የመጡ ናቸው። አንቱታውን እንደ ድሬ ልማድ ትተነዋል፤ ማንም እንዳይቀየመን።

ልጄ 7ኛ ክፍል ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ 68 ሆነው ይማራሉ። ርዕሰ መምህሩ ግን «816 ተማሪና 27 መምህር አለን፤ ለ30 ልጅ አንድ መምህር ማለት ነው፣ ምን ጎደለ?» ይላሉ። ማንን ልመን? (ከሳቢያን)

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ክፋቱም እሱ ነው። የመምህርና ተማሪ ጥምርታ የሚቆጥረው ሰው ነው፤ ትምህርት የሚጎድለው ግን በክፍለ ጊዜ ነው። 816 ተማሪ 68 እየሆነ ሲመደብ 12 ክፍል ይወጣል። ሒሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ካለው 60 ክፍለ ጊዜ ነው። ከ27ቱ መምህራን ሒሳብ የሚያስተምሩት ሁለት ብቻ ከሆኑ እያንዳንዳቸው 30 ይይዛሉ፤ ከጎናቸው ያለ የሌላ ትምህርት መምህር ደግሞ 12 ይዞ ሊውል ይችላል። አማካዩ ያማረ ነው፣ የሒሳቡ መምህር ግን አልቋል።

የሚያልቀው ደግሞ ቦርዱ ፊት ብቻ አይደለም። 30 ክፍለ ጊዜ ማለት 6 ክፍል፣ 6 ክፍል ማለት 408 ደብተር ነው። ለአንዱ 2 ደቂቃ ቢሰጥ ከ13 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ያላነበበውን ገጽ «ራይት» አድርጎ ያልፋል። የልጅህን ደብተር ገልጠህ እየው፤ የተሳሳተ ስሌት ላይ ራይት ካለ ስንፍና ነው ብለህ አትቸኩል።

7ኛና 8ኛ በ1986ቱ ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ሁለተኛ ሳይክል ነበሩ፤ ለአንደኛ ደረጃ ሲሠራበት የኖረው መለኪያም በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። በዚያ ሒሳብ የእናንተ ትምህርት ቤት 17 ክፍል ይፈልጋል። 17 በ5 ሲባዛ 85 ክፍለ ጊዜ ነው፤ ለአንድ መምህር 25 ከተያዘ 4 የሒሳብ መምህር ማለት ነው። በሁለት ፈረቃ የሚማሩ ከሆነ መማሪያ ክፍሉም ከ6 ወደ 9 መድረስ አለበት። መምህር ብቻ ቢጨመር 68ቱ እዚያው እንደተፋፈጉ ይቀራሉ።

ስለዚህ በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ በኩል ጠይቅ፤ «መምህር ያንሳል» አትበል። በየትምህርቱ የክፍል ብዛት፣ ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ፣ በትምህርቱ የሠለጠነ መምህር ብዛትና ጉድለቱ በአንድ ገጽ ይውጣ በል። ይህን መስከረም ላይ ማንሳት ዘግይቷል፤ በጀቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሚያዝያ ላይ ትምህርት ቢሮው ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት።

የእንግሊዝኛ መምህርታችን ወሊድ ልትወጣ ነው። ተተኪ የለም፤ ሁለት ክፍል እናጣምር ተብሏል። (የክፍል ኃላፊ፣ ከመጋላ)

አታጣምሩ። እናንተም ጋ በክፍል 68 ከሆኑ፣ 136 ልጅ አንድ ላይ ማስቀመጥ ጥበቃ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም። ፈቃዱ 120 ቀን፣ ወደ 17 ሳምንት ነው፤ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ቢሆን ለአንድ ክፍል 85 ይባክናል። ደግሞ ድንገተኛ አይደለም፣ ወራት አስቀድሞ ይታወቃል። ጫናቸው በሳምንት ከ20 ክፍለ ጊዜ በታች የሆነ መምህራንን ለይታችሁ ክፍሎቹን አከፋፍሉ። ተተኪው የእንግሊዝኛ መምህር ካልሆነ ሰዋስው አታሸክሙት፤ ምንባብ ጮክ ብሎ ማስነበብ፣ ቃላትና ቃለ ጽሕፈት ይበቃዋል። ሰዋስውን እሷ ስትመለስ ትያዘው፤ ግን ካቆመችበት ገጽ አትጀምር። መጀመሪያ የ20 ደቂቃ ፈተና ትስጥና የያዙትንና የለቀቁትን ትለይ።

ልጄ በግራ ጆሮዋ አትሰማም። ፊት አስቀምጡልኝ ብዬ አስቀምጠዋታል፣ ለውጥ ግን የለም። (ከከዚራ)

ፊት መቀመጥ ብቻ አይበቃም። ቀኝ ጆሮዋ ወደ መምህሩና ወደ ክፍሉ እንዲዞር፣ ወደ ቦርዱ ስትመለከቺ በግራ ጠርዝ በኩል ትቀመጥ። ከመጀመሪያው ረድፍ ሁለተኛው ይሻላል፤ አንገቷን ሳታንጋጥጥ የመምህሩን ከንፈር ታያለች። ባጃጅ ከሚንጫጫበት መስኮትና ከሚንኳኳ ቬንትሌተር ሥር አርቂያት። ትልቁ ጥፋት ግን የመምህሩ ነው፦ ጀርባውን ሰጥቶ እየጻፈ ሲያወራ ቃሉ ቦርዱ ላይ ይቀራል። ጽፎ ይዙር፣ ከዚያ ይናገር።

ይህን በሦስት መስመር ጽፈሽ ለክፍል ኃላፊው ስጪ፣ ከስም መጥሪያው ጋር ይለጠፍ፤ አለዚያ በየወሩ ወንበር ሲቀያየር ይረሳል። 8ኛ ስትደርስ የሐኪም ማስረጃዋን ይዘሽ ለፈተና ምዝገባ ሲካሄድ አሳውቂ። በፈተናው ዕለት ቢነገር ፈታኙ የሚያደርገው ነገር የለም።

ትምህርት ቤታችን የምክር አገልግሎት ባለሙያ የለውም። ማን ይሸፍነው? (መምህር)

የክፍል ኃላፊው፣ በስም መጥሪያው። በተከታታይ 3 ቀን ወይም በወር 5 ቀን የቀረ ልጅ ቤት ይደወል። ቀሪውን በቀን አስተያዩት፦ በየወሩ በተመሳሳይ ቀናት የምትቀር ልጅ ከምክር በፊት ሞዴስና ውኃ ያለው መጸዳጃ ያስፈልጋታል። ቀፊራ ገበያ ዕቃ ተሸክሞ የሚውል ልጅ ደግሞ ቁጣ ሳይሆን የፈረቃ ለውጥ ይበጀው ይሆናል። ጥቃት የደረሰበት ልጅ ጉዳይ ግን የመምህራን ማረፊያ ወሬ አይሁን፤ ለርዕሰ መምህሩና ለፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል በዚያኑ ቀን ይድረስ። በሽማግሌ የሚፈታ አይደለም።

የከሰዓት ፈረቃ ልጆች ይንቀላፋሉ። ምን እናድርግ?

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ የድሬ ፀሐይ የምትበረታው 8 ሰዓት ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለቡድን ሥራና ለሚያናግር ትምህርት ስጡ፤ ሒሳብን ወደ መካከል ግፉት። ስፖርት ደግሞ የመጨረሻው ይሁን። የመጀመሪያው ላይ የመደበ ሰው ካለ ሜዳው ላይ አብሯቸው ይሩጥ።