ላቫጆ ገብታ የወጣች ሞተር ዳሽቦርዷ ሲበላሽ

ጥያቄው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው። «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዲጂታል ዳሽቦርድ ያላት የህንድ ሞተር አለችኝ። ለአረፋ ዋዜማ ላቫጆ አስገብቼ በፕሬዠር አሳጠብኳትና ወዲያው ወደ ደሴ ነዳሁ። የሐረጎን ዳገት ስወጣ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለበሰ። ደሴ ስደርስ ቁጥሮቹ ተቆራረጡ፤ 8 መሆን ያለበት 0 ሆኖ ይታየኛል፣ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ፈትቼ ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት፣ ፀሐይ ላይም አዋልኩት። ጉሙ ጠፋ፣ ቁጥሩ ግን አልተመለሰም። አንዱ ዙሪያውን በሲሊኮን አሽገው ይለኛል፣ ሌላው አዲስ ግዛ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

አብሽር ወንድሜ። እንደነገርከኝ ከሆነ አዲስ ለመግዛት አትቸኩል። ሲሊኮኑን ግን እንዳትነካው፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

ጉሙና የቁጥሩ መቆራረጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ብርዷንም ታውቀዋለህ። ከኮምቦልቻ ሙቀት ይዘኸው የወጣኸው እርጥብ አየር ሐረጎ ላይ ሲቀዘቅዝ መስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ጉም ሞተሯ ደረቅ ቦታ ስትቆም በራሱ ከጠፋ ብልሽት አይባልም። ውሃው ጠብታ ሆኖ መስታወቱ ግርጌ ከተጠራቀመ ግን ከውጭ ገብቷል ማለት ነው።

የ8 ወደ 0 መለወጥ ብዙ ይናገራል። በስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር ከ7 ትንንሽ ሰረዞች ነው የሚሠራው። ከ8 ላይ የመሃሏ አግዳሚ ሰረዝ ስትጠፋ የሚቀረው 0 ነው። ሌሎቹ ሰረዞች እየሠሩ አንዷ ብቻ ከጠፋች፣ ስክሪኑም፣ ከኋላው ባለው ቦርድ (የኤሌክትሪክ መስመሮቹ ያሉበት ሰሌዳ) ላይ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ቺፕም በአብዛኛው ደህና ናቸው፤ የተቋረጠው ወደዚያች ሰረዝ የሚሄደው መስመር ነው። በዚህ ዓይነት ብልሽት መጀመሪያ የምጠረጥረው በስክሪኑና በቦርዱ መካከል የምትቀመጠውን ቀጭን ጎማ ነው። ዜብራ እንላታለን። ጠጋ ብለህ ስታያት ጥቁርና ነጣ ያለ መስመር እየተፈራረቀ ይታይባታል። ጥቁሩ መስመር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሌላው አያስተላልፍም፤ ጥቁሮቹን እርስ በርስ ይለያቸዋል። ከጥቁሮቹ ጥቂቶቹ ላይ የሳሙና ቅሪት ካረፈ ያቺ ሰረዝ ትጠፋለች። አንዳንድ ስክሪኖች ግን በዜብራ ፋንታ ቦርዱ ላይ የሚበየድ የብረት እግር አላቸው፤ የእነሱ ጣጣ ብየዳው ላይ ነው።

ማድረቁ ብቻ ያልበቃህም ለዚህ ነው። ላቫጆ የሚረጨው ውሃ ሳሙናና ጭቃ አለበት። ውሃው ሲተን ሳሙናውና ጨዉ እዚያው ቦርዱ ላይ ይቀራል። ደርቆ ሲታይ ችግር የሌለው ይመስላል፤ ደሴ ጉም በወረደባት ማለዳ ግን እርጥበት ይስብና መስመር ከመስመር ያገናኛል። በዚያ ላይ ቁልፍ ሲከፈት መዳቡ መበላት ይጀምራል። ቦርዱ ላይ በተበየዱት እግሮች ሥር አረንጓዴ ነገር ካየህ መበላት ተጀምሯል ማለት ነው። ሩዝ ይህን ሁሉ አያጸዳም።

አሁን ወደ ሥራው እንሂድ። ከሁሉ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ቁልፍ መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ በብዙ ዲጂታል ዳሽቦርዶች ሰዓቱን የሚያቆይ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ አለ፤ ቁልፉን ይዘህ ቤትህ ብትገባም ቦርዱ ላይ 12 ቮልት አለ። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ባደሩ ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ሰው የሚቸኩለው «ይሠራ ይሆን?» ብሎ ቁልፍ ለመክፈት ነው። ቦርድ የሚገድለው ደግሞ ይኸው ነው።

ቀጥሎ የፊት መብራቱን መሸፈኛ ፈትተህ ሶኬቱን ከዳሽቦርዱ ጀርባ አውጣው። ሶኬቱን ራሱን ሳታይ አትለፍ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል ብለሃል፤ እኔ ከስክሪኑ ይልቅ ሶኬቱን እጠረጥራለሁ። ውስጡ የነጣ ወይም አረንጓዴ የያዘ ፒን ካለ በአልኮልና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጽዳው።

የዳሽቦርዱ ጀርባ በብሎን የተያዘ ከሆነ ዕድለኛ ነህ። ካቻቢቴው ልኩ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ላይ የተበላ ብሎን በኋላ ጥብቅ አድርጎ አይዝም። በሙጫ የተዘጋ ከሆነ በጉልበት አትክፈተው፣ ወደ ባለሙያ ውሰደው። መርፌ ያለው ዳሽቦርድ ከሆነም መርፌውን ጎትተህ እንዳታወጣ። ቦታዋን ሳትለቅ መመለስ ልምድ ይጠይቃል፤ ትንሽ ዘወር ካለች በ40 እየነዳህ 50 ታሳይሃለች።

ቦርዱን ካወጣህ በኋላ የቆሸሸውን ቦታ በአልኮል አጽዳ። ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ካገኘህ ግሩም ነው። ፋርማሲ የምታገኘው 70 በመቶውም ይሠራል፤ ቀሪው ውሃ ስለሆነ ግን ማድረቂያ ጊዜ ይፈልጋል። ሳሙናው ብዙ ከሆነ መጀመሪያ በዲስትልድ ውሃ አለቅልቀው፤ ያው ለባትሪ የምንጨምረው ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። መለዋወጫ ቤት ዲስትልድ ውሃውና የባትሪ አሲዱ ጎን ለጎን ነው የሚደረደሩት፣ ጠርሙሳቸውም ይመሳሰላል። ጽሑፉን አንብበህ ግዛ። አሲዱ ቦርድህን አይምረውም፣ እጅህንና ዓይንህንም እንደዚያው።

አልኮሉ መስታወቱንና የስክሪኑን ገጽ እንዳይነካ። መስታወት የምንለው ፕላስቲክ ነው፤ በአልኮል ሊሰነጣጠቅ ይችላል፣ በቤንዚንና በቲነር ደግሞ ይባስ። እሱን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ አጽዳው። ስክሪኑ ላይ የተለጠፈችው ስስ ፊልም ሙቀት አትወድም። ፀሐይ ላይ አዋልኩት ያልከኝ ያሳሰበኝ በዚህ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላም የማይጠፋ የጠቆረ ቦታ ከሌለው ተርፏል። ከእንግዲህ ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት አድርቀው። የፀጉር ማድረቂያ ካለህ በቀዝቃዛው ብቻ።

ዜብራዋን በእጅህ አትያዛት፤ የጣት ቅባት ይበቃታል። በፒንሴት አንስተህ አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ሁለቱን ጠርዞቿን ጥረግ፣ የምትቀመጥበትን የቦርዱን ወርቅማ መስመርም እንዲሁ። በየት በኩል እንደነበረች ፎቶ አንስተህ ያዝ፣ ስትመልስ በዚያው አቅጣጫ መልስ። ብሎኖቹን ስታስር አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ ተራ በተራ በሰያፍ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ። ዜብራ የምትሠራው እኩል ስትጫን ነው፤ በአንድ ጎን ከላላች ያጸዳሃት ሰረዝ ተመልሳ ትጠፋለች።

ቢያንስ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይደርቅ ሶኬቱን አትሰካ። ሰክተህ ባትሪውን ከመለስክ በኋላ ጭራሽ ካልበራ ወደ ቦርዱ ከመመለስህ በፊት ፊውዙን እይ፣ ከዚያ በቴስተር ሶኬቱ ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱን ለካ። ደህና ባትሪ ሞተሯ ሳትነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሁሉም ሠርቶ ፍጥነቱ ብቻ 0 ላይ ከቀረ ዳሽቦርዱን ተወው፤ ጎማው ጋ ያለው ሴንሰር ሶኬት ውስጥ ውሃ ገብቶ ይሆናል። የነዳጁ ምልክት ብቻ ካልሠራም ጉዳዩ ታንከሩ ጋ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሲሊኮኑ ልመለስ። ዳሽቦርድ አየር እንዳይገባው ተደርጎ አልተሠራም። በጀርባው ወይም በታች በኩል መተንፈሻ አለው፤ ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ያስገባል። ሐረጎን በወጣህና በወረድክ ቁጥርም የአየር ግፊቱ ስለሚለዋወጥ ይህንኑ ያደርጋል። መተንፈሻውን ከደፈንክበት ግፊቱ በደካማው ስፌት በኩል መንገድ ይፈልጋል፣ በዚያ የገባው እርጥበት ደግሞ መውጫ ያጣል። ሌላም አለ፤ ሲቀባ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን እስኪደርቅ አሲድ ይለቃል፣ መዳብ ይበላል። የዳሽቦርዱ የፊትና የኋላ ሽፋን መገናኛ ላይ ያለው ማሸጊያ ጎማ ተሰንጥቆ ከሆነ ሽታ የሌለውን ሲሊኮን በዚያ መስመር ብቻ በስሱ መቀባት ይቻላል። መተንፈሻው ክፍት ይቆይ፤ በጭቃ ተደፍኖም እንደሆነ በስንጥር አጽዳው።

ለወደፊቱ፣ ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ቆማ የጋለችን ሞተር ወዲያው አታሳጥብ። የጋለው ዳሽቦርድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲለቀቅበት ውስጡ ያለው አየር በአንዴ ይኮማተርና ክፍተት ባገኘበት ውሃውን ይስባል። ጥላ ሥር ቀዝቅዛ ትቆይ። ዳሽቦርዱንና የመሪውን ማብሪያ ማጥፊያዎች በፌስታል ሸፍነህ እሰር፣ ልጁንም «ፕሬዠሩን ከመሪ በላይ አታምጣ» በለው። ካለቀ በኋላ ፌስታሉን ፍታው፤ ታስሮ ከቆየ እርጥበት ያፍናል። ዳሽቦርድ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ አድርገህም ሰረዟ ካልተመለሰች፣ ወይም ቦርዱ ላይ የተበላ መስመር ካየህ፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው በቀጭን ሽቦ ሊቀጥለው ይችላል። ቺፑ ራሱ ከተቃጠለ ያኔ መግዛት ነው። ያገለገለ ስትገዛ የፒኑ ብዛት ስለገጠመ ብቻ አትመን፤ የካርቡሬተሩና የኢንጀክሽኑ ሞዴል ሶኬታቸው ተመሳስሎ የሽቦው ቦታ ሊለያይ ይችላል። ሻጩ ሞተርህ ላይ ሰክቶ ፍጥነቱን፣ ነዳጁን፣ ፍሬቻውንና ኒውትራሉን ሳያሳይህ ብር አትክፈል። የድሮው ዳሽቦርድ ላይ ያለውን ኪሎሜትርም ከመለወጥህ በፊት ፎቶ አንስተህ ያዝ፤ አዲሱ የራሱን ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ የሚቀጥለውን የዘይት ቅያሬ የምታሰላው በፎቶው ነው።