ከሮስኮፍ እስከ ሳን-ማሎ፦ በር ያለው ወደብ ውስጥ ከመግባትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ማታ አየሁት፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «ጁላይ ላይ ከእንግሊዝ ከፕሊመዝ ተነስተን በ9 ሜትር የሸራ ጀልባ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ብሪታኒ ጠረፍ እንሻገራለን፤ ባለቤቴና ሁለት ልጆች አብረውኝ አሉ፤ ከሮስኮፍ እስከ ሳን-ማሎ ለእንግዳ የሚመች ማሪና (የጀልባ ማረፊያ) የቱ ነው? ቦታ ቀድሞ መያዝስ ያስፈልጋል?» ነው ያልከው። እኛም የዛሬ ሦስት ዓመት ልክ እንደዚሁ ነበርን። ጀልባዋም 9 ሜትር፣ ልጆቹም ሁለት፣ መነሻውም ፕሊመዝ። ስለዚህ ያኔ ማንም ያልነገረኝን ነው የምነግርህ። ጀልባ መንዳቱን ታውቃለህ፤ እሱን እዘለዋለሁ።

1. ቦታ ስለመያዝ ብዙ አትጨነቅ። ለአንድ ሁለት ሌሊት የሚመጣ ትንሽ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስይዝ ይገባል። ስትቃረብ በሬዲዮ ቻናል 9 ጥራቸው። በበጋ የወደቡ ወጣቶች በጎማ ጀልባ ወጥተው ቦታህን የሚያሳዩህ ቦታ አለ። ጁላይና ኦገስት ላይ አምሽተህ ከደረስክ ግን ከሌላ ሰው ጀልባ ጎን ተደርበህ ነው የምታስረው። ገመድህንና የጎማ ትራሶችህን በሁለቱም ጎን አዘጋጅተህ ግባ። በጊዜ መድረስ ይሻላል።

2. ዋናው ይሄ ነው። ስለ ወደቡ ውበት ከመጠየቅህ በፊት ውሃው መቼ እንደሚያስገባህ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መቼ እንደሚያስወጣህ ጠይቅ።

በዚህ ዳርቻ ውሃው ቀልድ አያውቅም። ሳን-ማሎ ላይ ትልቁ ሙላት ሲመጣ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ12 ሜትር ያልፋል። አራት ፎቅ ቤት በለው። ጠዋት ጀልባ የተንሳፈፈበት ቦታ ከሰዓት አሸዋ ሆኖ ሰው ይሄድበታል። ስለዚህ ብዙዎቹ ወደቦች ውሃው ሲሸሽ እንዳይደርቁ በደፍ (መግቢያው ላይ ከውሃው ሥር በተሠራ ዝቅተኛ ግድግዳ) ወይም በሚዘጋ በር የተገደቡ ናቸው። ፓምፖል፣ ፔሮስ-ጊሬክ፣ ሳን-ማሎ ከተማው ግንብ ሥር ያለው የቮባን ገንዳ፣ ሁሉም እንደዚያ ናቸው። እንደ ሮስኮፍ ብሎስኮንና ሳን-ኬ-ፖርትሪዩ ያሉት ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ይገባባቸዋል።

እኛ በር ካላቸው በአንዱ ገባን። የትኛው እንደሆነ አልጽፍም፤ ወደቡ ራሱ ቆንጆ ነው። ረቡዕ ገባን፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ልጆቹ የባሕር ዳርቻውን ወደዱት። ባለቤቴ «እስከ እሑድ እንቆይ» አለች፣ እኔም ደስ አለኝ። ሐሙስ ቢሮው ሄጄ «ነገ በሩ ስንት ሰዓት ይከፈታል?» ብዬ ጠየቅኩ። ሰውዬው ሰዓቱን በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከትንሿ ልጄ ጋር በሩ ጋ ቆመን ውጪውን እያየን ነበር። የድንጋዩ ግድግዳ ላይ ውሃው የደረሰበት እርጥብ መስመር አለ። ከሱ በላይ ያለው የባሕር ሣር በፀሐይ ደርቆ ነጣ ብሏል። ያ እርጥብ መስመር ረቡዕ ስንገባ ከነበረበት በጣም ወርዷል። አየሁት፣ ግን ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

እሑድ ልንወጣ ስንል በሩ አልተከፈተም። ወደ ቢሮው ሮጥኩ። «እስከ ሐሙስ አይከፈትም፣ ውሃ የለም» አለኝ። «ሐሙስ ዕለት ጠይቄህ ነበር እኮ!» ስለው፣ «አንተ የጠየቅከው ስለ ዓርብ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ልክ እኩለ ቀን ስለነበር መስኮቱን በፊቴ ዘጋው። ምሳ ሰዓት ነው። እስከ 14 ሰዓት አይመለስም። ልጆች ይዤ እንደመጣሁ ያውቃል፤ የምንነሳበትን ቀን በገዛ እጁ መዝግቧል። አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ ቅዳሜ እንወጣ ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙላቱ መጠን በጨረቃ ይለያያል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ፣ ከዚያም አንድ ሁለት ቀን አለፍ ብሎ፣ ሙላቱ ትልቅ ነው። ግማሽ ስትሆን ትንሽ ነው። ፈረንሳዮች ትልቁን «ሕያው ውሃ»፣ ትንሹን «ሙት ውሃ» ይሉታል። መጠኑን ከ20 እስከ 120 በሚሄድ ቁጥር ይጽፉታል፤ ኮኤፊሲያን ይባላል፣ በየወደቡ በር ላይ ተለጥፎ ታየዋለህ። ቁጥሩ ወደ 40 እና ከዚያ በታች ሲወርድ አንዳንዱ በር ለቀናት አይከፈትም። እኛ በሚወርድ ቁጥር ገብተን ተኝተን ነበር። የገባህበትን ቀን ቁጥር ብቻ አትይ። የምትወጣበትን ቀንና ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት ቀናት እይ።

ሰኞ ሥራ ነበረብኝ። ጀልባዋን ትተን በታክሲና በባቡር ሮስኮፍ ደርሰን በፌሪ ተመለስን። በሚቀጥለው ሳምንት ጓደኛዬን ይዤ ሄጄ አመጣኋት። የፌሪው፣ የታክሲው፣ የወደቡ ሌሊቶች፣ የቀረሁበት ሥራ ሲደመር ከ1,100 ዩሮ በላይ ወጣ። ጀልባዋ ተዘግቶባት ለሰነበተችባቸው ሌሊቶችም ሙሉውን አስከፍለውኛል።

3. ሰዓቱ። የፈረንሳይ የባሕር ኃይል የውሃ ጥናት ተቋም የሚያወጣው የሙላት ሠንጠረዥ በፈረንጆቹ ክረምት ሰዓት ነው የተጻፈው፤ በበጋቸው፣ እንደ ጁላይ ባለው ጊዜ፣ አንድ ሰዓት መጨመር አለብህ። ወደቦቹ በነፃ የሚሰጡት ትንሽ ደብተር ግን ብዙ ጊዜ የተስተካከለ ነው። ሽፋኑን አንብብ፤ ሁለቴ እንዳትጨምር። አንተ ደግሞ የእንግሊዝ ሰዓት ይዘህ ነው የምትመጣው፣ እሱም በአንድ ሰዓት ይለያል። ቤት ውስጥ በአማርኛ የምታወሩ ከሆነ ሌላም አለ። እኔ «በሩ 8 ሰዓት ይከፈታል» ስል ከቀኑ 8 ማለቴ ነበር፤ እንግሊዝ ተወልዶ ያደገው ልጄ ጠዋት 8 መስሎት በሌሊት ተነስቶ ገመድ መፍታት ጀመረ። ጀልባ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ፣ 14 ሰዓት እያላችሁ ተነጋገሩ።

ትሬጊዬና ሌዛርድሪዩ ወንዝ ውስጥ ናቸው፣ በጣም ያምራሉ፤ ግን ጀልባ በሚታሰርባቸው ተንሳፋፊ መድረኮች (ፖንቶን) መካከል ውሃው ይሮጣል። ውሃው ቆም በሚልበት ሰዓት ግባ። ከሙላት በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ላይ ከሚሸሸው ውሃ ግማሹ ይሄዳል፤ በዚያ ሰዓት ለማሰር አትሞክር። ብሎስኮንም እንደዚያ ነው፤ ማዕበል ባይኖርም ውሃው በጎን ይገፋሃል።

የፓስፖርቱን ነገር ረስቼው። ባለቤትህ እንደኔዋ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከያዘች የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ፈረንሳይ አያስገባትም፤ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋታል። ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ይሁን። ከሳን-ማሎ ወደ ጀርዚ ወይም ገርንዚ ደሴት ብቅ ካላችሁ ከሼንገን ወጣችሁ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ እዚያው ያበቃል። መጀመሪያ የፓስፖርት ቁጥጥር ያለበት ወደብ ግቡ፤ ሮስኮፍና ሳን-ማሎ ይሆናሉ። ቢሮ ስትገባ ደግሞ አስቀድመህ «ቦንዡር» በል። እንደ እኛ ነው፣ ሰላምታ ሳይቀድም ጥያቄ አይወዱም። እኔ ብዬም ያው ነው የሆንኩት፣ ግን ብዙዎቹ ደግ ሰዎች ናቸው።

በዓመቱ ተመልሰን ሄድን። ቀኖቹን ከጨረቃዋ ጋር አስልቼ፣ ሳን-ማሎ ባ-ሳብሎን የሚባለው ማሪና በደፉ ላይ ገባን። መግቢያው ላይ በደፉ ላይ ያለውን የውሃ ጥልቀት የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። የኛ ጀልባ ከውሃ በታች 1.50 ሜትር ትወርዳለች። ልጄ ከፊት ቆሞ ቁጥሩን እየጮኸ ያነባል፤ «ሁለት ነጥብ ስድስት! ሁለት ነጥብ ሰባት!» 3 ሲል ገባን። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ለመጀመሪያ ጊዜህ ብሎስኮን ግባና እረፍ፤ ከዚያ ሳን-ኬ፣ መጨረሻ ሳን-ማሎ። የምትነሳበትንና የምትመለስበትን ቀን እዚህ ጻፍልኝ፣ ኮኤፊሲያኑን አብረን እናየዋለን።